ጂዲቢ በሪስክ ፋይቭ ላይ፦ ስድስት ወር በየቀኑ የሠራሁበት ዲበገር

የዛሬ ስድስት ወር የጀመርኩት ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። የሮቶ ውሃ ልክ የምታነብ ትንሽ መሣሪያ አለችን። ሮቶው ሲጎድል ፓምፑን ታስነሳለች፣ ሲሞላ ታጠፋለች። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ጥቅሟ ይገባዋል። ሌሊት ውሃ መጣ ሲባል መነሳት፣ ፓምፕ ማስነሳት፣ ከዚያ ሞልቶ እንዳይፈስ ቆሞ መጠበቅ እንቅልፍ ያሳጣል። መሣሪያዋ አራት ዓመት አርም በሚባል የፕሮሰሰር ዓይነት ቺፕ ስትሠራ ቆየች። ከዚያ ቺፑን ማግኘት አስቸገረን፣ ዋጋውም ናረ። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ሪስክ ፋይቭ የሚባል ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ያላቸው አምስት ቦርዶች ይዞልኝ መጣ። የሲ ኮዱ ያው ነው፤ ኮዱን ወደ ፕሮሰሰሩ ቋንቋ የሚተረጉመውን ኮምፓይለር ቀይሬ ልጫነው አልኩ።

ጫንኩት። ሰማያዊዋ መብራት አንዴ ብልጭ አለች። ከዚያ ቀጥ።

የምጽፈው ስለ ቦርዱ አይደለም። ያን ቀን ከጭንቅ ስላወጣኝ ዲበገር ነው፣ ስለ ጂዲቢ። በተለይ ደግሞ ጂዲቢ አዲሱን ፕሮሰሰር እንዲያውቅ አድርገው ስለሠሩት ክፍል። በነፃ የሚገኝ ዕቃ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ በአማርኛ ሰው ቁጭ ብሎ አስተያየት ሲጽፍለት ብዙም አላየሁም። ስድስት ወር በየቀኑ ስለተጠቀምኩበት ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዲበገር ነክቶ ለማያውቅ፦ የሚሮጥን ፕሮግራም በፈለጋችሁበት ቦታ አቁሞ ሆዱን ከፍቶ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። የትኛው መስመር ላይ ነው? ማን ጠራው? ይህ ቁጥር አሁን ስንት ነው? እነዚህን ለመመለስ ዲበገሩ ፕሮሰሰሩን በደንብ ማወቅ አለበት። ስንት ሬጅስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ቁጥር የሚያዝበት ትንሽ ቦታ) እንዳለው፣ ፈንክሽን ሲጠራ የመመለሻው አድራሻ የት እንደሚቀመጥ፣ ስታኩ (ፈንክሽኖች ጊዜያዊ ነገራቸውን የሚያስቀምጡበት ሜሞሪ) በየት በኩል እንደሚያድግ። አርም ላይ የሚያውቀው ሪስክ ፋይቭ ላይ አይሠራለትም።

ሪቻርድ ስቶልማን ጂዲቢን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ሪስክ ፋይቭ በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ዲበገሩ ከፕሮሰሰሩ በ24 ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ አዲሱን እንግዳ ማስተናገድ የቻለው ዋናው ክፍሉ ስለ የትኛውም ፕሮሰሰር ምንም የማያውቅ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። እያንዳንዱ አርክቴክቸር፣ ማለትም የፕሮሰሰር ዓይነት፣ የራሱ ፋይል አለው። ዋናው ክፍል ይጠይቃል፣ የአርክቴክቸሩ ፋይል ይመልሳል። የሪስክ ፋይቩ ፋይል መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. መስከረም 2018 ላይ ከጂዲቢ 8.2 ጋር ነው። ጂዲቢ ራሱ በሪስክ ፋይቭ ሊኑክስ ማሽን ላይ ሆኖ መሥራት የቻለው በ2019 ከ8.3 ጋር ነው። ፕሮግራሙ በሚሮጥበት ማሽን ላይ ሆኖ ሌላ ቦታ ያለ ጂዲቢን የሚያገለግለው ጂዲቢ ሰርቨር ደግሞ በ10ኛው እትም፣ በ2020 ደረሰለት።

ወደ መብራቷ ልመለስ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሁለተኛውን ቦርድ አንስቶ ነበር። «ጋሼ፣ ሌላኛው ላይ ልሞክረው?» አለኝ።

«ቆይ፣ እሷን አትንካት። እንደቆመች እንያት» አልኩት።

ኡቡንቱ ላይ ጂዲቢ መልቲአርክ የሚባል ፓኬጅ አለ። አንድ ፕሮግራም ነው፣ ብዙ አርክቴክቸር በአንድነት ያውቃል። ጫንኩት፣ የተኮመፐለውን ፋይል ከፈትኩበት፤ የየትኛው ፕሮሰሰር እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም። እንዲህ ያለው ፋይል ኤልፍ በሚባል ቅርጽ ነው የሚቀመጠው፤ መግቢያው ላይ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የተሰጠ ቁጥር አለ፣ የሪስክ ፋይቭ 243 ነው። እሱን አይቶ ራሱ ለየው። ሁለት ሰዓት ያቃጠለብኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፣ ገመዱ። የያዝኩት ዩኤስቢ ገመድ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኖሯል፣ ዳታ አያሳልፍም። እናንተ ስትሞክሩ መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ። ገመዱ ሲስተካከል ጂዲቢን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ኦፕን ኦሲዲ የሚባል ፕሮግራም ቦርዱን አገኘው፣ እኔም በ3333 ፖርት ጂዲቢን አገናኘሁት።

ኮንትሮል ሲ ተጫንኩ። ፕሮግራሙ ቆመ። የቆመበት ቦታ የምትጠብቀዋ ፈንክሽን ውስጥ ነው፣ ይህን ያህል ሚሊሴኮንድ ቆይ የምንላት። እሷ የምታየው ሰዓት ቆጣሪውን ነው። ቆጣሪው በሴኮንድ 1000 ጊዜ መጨመር አለበት። ፕሪንት አልኩት።

1 አለኝ።

እንዲቀጥል ለቀቅኩት፣ አንድ ደቂቃ ቆይቼ መልሼ አቆምኩት። አሁንም 1። ታይመሩ አንድ ጊዜ መትቶ ዝም ብሏል።

ይህን የመሰለ ነገር ሲገጥም የሚታየው ኤምስታተስ የሚባለው ሬጅስተር ነው። የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ ሁኔታ እዚያ ውስጥ በቢት በቢት ተጭኖ ተቀምጧል። ብዙ ዲበገር አንድ ረጅም የሄክስ ቁጥር ይወረውርልሃል፣ ከዚያ ማኑዋሉን ከፍተህ ጣትህን እየቆጠርክ ቢት ትፈልጋለህ። ጂዲቢ ግን ቁጥሩን ካሳየ በኋላ አጠገቡ ዘርዝሮ ይጽፈዋል። እያንዳንዱን ቢት በስሙ። ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ነገር አየሁ። ኤምአይኢ 0። ኤምፒአይኢ 1።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም አንጀቴን ያራሰው ይህ ነው። ኢንተረፕት ማለት እንደ ታይመር ያለ ክፍል ፕሮሰሰሩን ከሥራው አቋርጦ ሌላ ፈንክሽን ሲያስኬደው ነው። ሪስክ ፋይቭ ላይ ኢንተረፕት ሲመጣ ፕሮሰሰሩ ሌላ ኢንተረፕት እንዳይገባበት በሩን ይዘጋል። ኤምአይኢ ዜሮ ይሆናል። በሩ ቀድሞ ክፍት እንደነበረ ለማስታወስ ደግሞ ኤምፒአይኢ ላይ 1 ይጽፋል። ሥራው ሲያልቅ ኤምሬት የሚባለው ኢንስትራክሽን ያንን አንብቦ በሩን መልሶ ይከፍታል። እኔ ያየሁት በሩ ዝግ ነው፣ ማስታወሻውም እንደተጻፈ ነው። ወደ ኢንተረፕት ተገብቷል፣ በወጉ ግን አልተወጣም።

ቦርዱን እንደገና አስነስቼ የኢንተረፕቱ ፈንክሽን መጀመሪያ ላይ ብሬክፖይንት፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲደርስበት የሚቆምበት ምልክት፣ አስቀመጥኩ። ሲቆም ቢቲ አልኩ፣ ማን እንደጠራው እንዲነግረኝ። ሜይን ነው የጠራው አለኝ። ሜይን ውስጥ ይህን ፈንክሽን የሚጠራ መስመር የለም። ከዚያ ኤምኢፒሲን አየሁት፣ ፕሮሰሰሩ ኢንተረፕቱ ሲመጣ የት እንደነበረ የሚይዘውን ሬጅስተር። ኢንፎ ሲምቦል ብዬ ስሙን ስጠይቅ የምትጠብቀዋን ፈንክሽን ሰጠኝ። ሁለቱ መልሶች አይገናኙም። አርኤ የሚባለው የመመለሻ ሬጅስተር ወደ ሜይን ያመለክታል፣ የተቋረጠው ሥራ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ዲስአሰምብል አልኩት፣ ፈንክሽኑን በፕሮሰሰሩ ኢንስትራክሽኖች እንዲያሳየኝ። አጭር ነው። ቆጣሪውን ያነባል፣ አንድ ይጨምራል፣ ይመልሳል፣ ታይመሩን ለሚቀጥለው ያዘጋጃል። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሬት ይላል፣ ከተራ ፈንክሽን የሚመለሰው። ኤምሬት አይልም። ልጁ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ያያል። ስቴፕ አይ እያልኩ አንድ በአንድ ወደ ሬት አደረስኩት። አንድ ጊዜ ደግሜ ተጫንኩ። ሜይን ውስጥ ተገኘን፣ መጠበቂያዋ ሥራዋን ሳትጨርስ። አንድ ሴኮንድ መጠበቅ የነበረባት በአንድ ሚሊሴኮንድ አለቀች፣ መብራቷ ብልጭ አለች፣ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጠራ ግን ኢንተረፕቱ ተዘግቶ ስለነበር የሚቀሰቅሳት ጠፋ።

ምክንያቱ የእኔው የአርም ልማድ ነው። ኮርቴክስ ኤም በሚባሉት ትንንሽ የአርም ፕሮሰሰሮች ላይ ኢንተረፕት ሲመጣ ሬጅስተሮቹን ስታክ ላይ የሚያስቀምጠው ሃርድዌሩ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ተራ የሲ ፈንክሽን ይበቃል። ሪስክ ፋይቭ ላይ ይህ ኢንተረፕት ነው ብለህ ለኮምፓይለሩ በአትሪቢውት መንገር አለብህ። ያን ጊዜ ሬጅስተሮቹን ያስቀምጣል፣ በኤምሬትም ይመለሳል። አንድ ቃል ጨመርኩ፣ መልሼ ጫንኩት። መብራቷ በየሴኮንዱ ብልጭ ትል ጀመር። ልጁ አጨበጨበ፣ እኔም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ነው የሪስክ ፋይቩን ፋይል ከፍቼ ማንበብ የጀመርኩት። እንዲህ ያገዘኝ ዕቃ ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ፈለግኩ። ሁሉንም አልዘረዝርም፣ አንዲት ነገር ግን በጣም ወድጃታለሁ።

ብሬክፖይንት ስታስቀምጥ ጂዲቢ እዚያ ቦታ ያለውን ኢንስትራክሽን አንስቶ ኢብሬክ የሚባል ሌላ ኢንስትራክሽን ይተክላል። ፕሮሰሰሩ እሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሪስክ ፋይቭ ላይ ግን ኢንስትራክሽኖች ሁለት ዓይነት ቁመት አላቸው፤ አራት ባይት የሆኑ አሉ፣ ቦታ ለመቆጠብ ተጨምቀው ሁለት ባይት የሆኑም አሉ። ሁለቱ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ተደባልቀው ይኖራሉ። ሁለት ባይቷ ላይ አራት ባይት ኢብሬክ ብትተክል ጎረቤቷን ትጨፈልቃለህ። ሌላ ቦታ ያለ ኮድ በቀጥታ ወደዚያች ጎረቤት ቢዘልል የሚያገኘው ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ጂዲቢ መጀመሪያ የነባሩን ኢንስትራክሽን የመጀመሪያ ባይት ያነባል። የታችኞቹ ሁለት ቢቶች ሁለቱም 1 ከሆኑ አራት ባይት ነው፣ ካልሆነ ሁለት። በልኩ የተሰፋውን ይተክላል። አድራሻው በአራት የማይካፈል ከሆነ ደግሞ ሳያነብም ትንሿን ይመርጣል፣ ያልተስተካከለ አድራሻ ማንበብ የማይችሉ ቦርዶች ስላሉ። ይህን ያሰበ ሰው ቦርድ በእጁ ይዞ የተቸገረ ሰው መሆን አለበት።

ሌላም አለ። ቤት ኪውኢሙ በሚባል ማሽን አስመሳይ ፕሮግራም ላይ ሪስክ ፋይቭ ሊኑክስ አስነስቼ አንድ ብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) ያለው ፕሮግራም ስመረምር ያየሁት ነው። እዚያ ላይ አንድ ኢንስትራክሽን ብቻ ሂድ ስትለው ጂዲቢ ራሱ ቀጣዩ የት እንደሆነ አስልቶ እዚያ ጊዜያዊ ብሬክፖይንት ያስቀምጣል። ቅርንጫፍ ከሆነ ወዴት እንደሚዞር ያሰላል። ነገር ግን ኤልአር እና ኤስሲ የሚባሉ ጥንዶች አሉ። ኤልአር አንድ የሜሞሪ ቦታ አንብቦ ይይዛል፣ ኤስሲ የሚጽፈው በመሃል ያ ይዞታ ካልፈረሰ ብቻ ነው። በመሃላቸው ብታቆመው ይዞታው ይፈርሳል። ኤስሲ ይከሽፋል፣ ኮዱ ወደ ኤልአር ይመለሳል፣ አንተም መልሰህ ታቆመዋለህ። ሲነጋ እዚያው ነህ። ጂዲቢ ጥንዶቹን ሲያይ በመሃል አይቆምም፣ ተሻግሮ ከኋላቸው ነው የሚያቆመው። እኔ ስቴፕ አይ ስል አራት መስመር በአንድ ጊዜ ሲዘልል መጀመሪያ ተበላሸ ብዬ ነበር። ምክንያቱን ሳውቅ አመሰገንኩት።

በየቀኑ የምጠቀመው ግን ከዚህ ሁሉ ቀላሉን ነው። የሴንሰር ንባብን ወደ ሊትር የምትቀይር ፈንክሽን አለችኝ። ቦርዱ ቆሞ እያለ ፕሪንት ብዬ ፈንክሽኗን በ42 እጠራታለሁ፣ መልሱ ወዲያው ይመጣል። ጂዲቢ 42ን ኤ0 ሬጅስተር ውስጥ ያስገባል፣ መመለሻውን ወደ ራሱ ያዞራል፣ ፈንክሽኗን እዚያው ቦርዱ ላይ ያስኬዳል፣ መልሱን ከኤ0 ያነባል፣ ከዚያ ሬጅስተሮቹን ወደነበሩበት ይመልሳል። ኮድ ሳልቀይር፣ መልሼ ሳልጭን፣ ሃያ የተለያየ ንባብ በአምስት ደቂቃ ሞከርኩ። ለሮቶው ክብ ጠርዝ የተጠቀምኩበት ቀመር ስህተት እንደነበረው ያወቅኩት እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አለኝ።

ትልቁ ቅድም የነገርኳችሁ የቢቲ ነገር ነው። አርም ኮርቴክስ ኤም ላይ ኢንተረፕት ውስጥ ቆመህ ቢቲ ብትል ጂዲቢ ተቋርጦ ወደነበረው ፈንክሽን አሻግሮ ያሳይሃል። ሪስክ ፋይቭ ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሌለው ቦርድ እኔ ያንን አላገኘሁም። አርኤን ተከትሎ ይሄዳል፣ የተቋረጠችዋን ፈንክሽን ይዘላታል። ስህተቴን ካረምኩ በኋላም እንዲሁ ነው። ኤምኢፒሲን በእጅ ማየት ያስፈልጋል። ለለመደው ቀላል ነው፣ አዲስ ለሚጀምር ልጅ ግን የጠራው ሜይን ነው የሚል መልስ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል። ይህ እንዲሻሻል ከልቤ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው የኤምስታተስ ዝርዝር ነው። ያን ያህል ባመሰግነውም በእኔ ቅጂ ላይ የአንዳንድ ቢቶች ስም የድሮ ነው። ፒዩኤም ይላል፣ አሁን ማኑዋሉ ላይ ኤስዩኤም የሚባለውን። ማኑዋልና ስክሪን ጎን ለጎን አድርጎ የሚማር ሰው ይደናገራል። ኤምአይኢና ኤምፒአይኢ ትክክል ናቸው፣ ለኢንተረፕት ሥራ ችግር የለውም።

የብሬክፖይንት ብዛት ቅሬታ የጂዲቢ ጥፋት አይደለም፣ ግን እወቁት። ኮዱ ፍላሽ (እንደ ተራ ሜሞሪ በቀላሉ የማይጻፍበት ማከማቻ) ላይ ከሆነ ኢብሬክ መትከል አይቻልም፣ የሃርድዌር ብሬክፖይንት ያስፈልጋል። የእኔ ቦርድ ያለው አራት ብቻ ነው። ዋችፖይንትም (አንድ የሜሞሪ ቦታ ሲነካ ፕሮግራሙን የሚያቆመው) ከዚያው ይበላል። አምስተኛውን ስታስቀምጥ የሚመጣው መልእክት ግልጽ ስላልሆነ አንድ ከሰዓት ሙሉ ሌላ ነገር ስፈልግ ውያለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቦርድ ስትገዙ ሻጩ የራሱን ጂዲቢ አብሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። ከእኔዎቹ ጋር የመጣው ቆየት ያለ ቅጂ ነበር። በአሰምብሊ በተጻፈው የማስነሻ ኮድ ውስጥ ቆሜ ቢቲ ስል ያንኑ መስመር መቶ ጊዜ ደጋግሞ ይጽፍልኝ ነበር። በዋናው ጂዲቢ ግን ያው ፋይል በሁለት መስመር አለቀ። ለእንዲህ ዓይነቱ የዲበግ መረጃ ለሌለው ኮድ ዋናው ጂዲቢ የፈንክሽኑን መግቢያ ኢንስትራክሽኖች ራሱ ያነባል። ስታኩ በስንት ባይት እንደወረደ፣ አርኤ የት እንደተቀመጠ ከዚያ ይረዳል። ስለዚህ የሻጩን ቅጂ አስቀምጡት፣ ዋናውን ተጠቀሙ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት ተኩል። ግማሿን ያስቀነሰችው የቢቲ ጉዳይ ናት። ዋጋው ነፃ ነው፤ የፈጀብኝ ጊዜና ኢንተርኔት ብቻ ነው። በዶላር የሚከፈልባቸውን ዲበገሮች ከዚህ ሆኖ በካርድ መግዛት ምን ያህል ጣጣ እንዳለው የሞከረ ያውቀዋል። ይህን ግን ማንም ተማሪ ዛሬ ማታ ማስነሳት ይችላል። ቦርድ እንኳ ባይኖረው ኪውኢሙ ላይ ቪርት የሚባለውን ማሽን አስነስቶ በ1234 ፖርት ይገናኝ። የእኔን ስህተት እዚያ ላይ ደግሜ ሠርቼዋለሁ፣ አንድም ሳይቀር ያንኑ አሳየኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አሁን ለጓደኞቹ የሚያሳያቸው በዚያ ነው።

መሣሪያዋ እናቴ ቤት ጣሪያ ላይ ከተሰቀለች ሦስት ወር ሆናት። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ውሃ መጥቶ ሮቶው ሞልቶ ፓምፑ በራሱ ጠፋ። ጠዋት ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ሳልነሳ አደርኩ» አለችኝ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ 2 አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 የወጣ ነው። ቺፑ ላይ ሁለት የአርም ኮርቴክስ ኤም33 እና ሁለት ሃዛርድ3 የሚባሉ የሪስክ ፋይቭ ኮሮች አሉት፣ ሲነሳ የትኛውን ጥንድ እንደሚጠቀም ይመረጣል። ያንኑ ኮድ በሁለቱም ኮምፓይል አድርጌ፣ በአንዱ ጂዲቢ መልቲአርክ ጎን ለጎን ማየት እፈልጋለሁ። መጀመሪያ የምሞክረው ኢንተረፕት ውስጥ ቆሞ ቢቲ ማለትን ነው። ገመዱን ከወዲሁ ቀይሬያለሁ።